የቀዘቀዘ መንፈሳዊ ሕይወት እንዴት ይታደሳል? ከቀደመው ሥራ የሚጀምር መንገድ

ብዙ አማኝ የሚያውቀው ጊዜ አለ። ጸሎቱ ከከንፈር አያልፍም። መጽሐፍ ቅዱሱ ይከፈታል፣ ዓይን ያነባል፣ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። መዝሙር ሲዘመር አፍ አብሮ ይዘምራል፤ ውስጥ ግን ዝም ብሏል። ሰውየው እምነቱን አልካደም። «እግዚአብሔር የለም» አላለም። ግን ድሮ የነበረው ነገር የለም፤ መቼ እንደ ሄደም በትክክል አያውቅም።

በዚህ ጊዜ አብዛኞቻችን የምናደርገው መጠበቅ ነው። አንድ ትልቅ ስብከት፣ አንድ ትልቅ ጉባኤ፣ አንድ ከላይ የሚወርድ እሳት እንጠብቃለን። ስሜቱ ሲመለስ ያን ጊዜ በደንብ እጸልያለሁ እንላለን። እንደ እኔ እምነት ሰውን ለዓመታት ባለበት የሚያስቀረው ይህ አስተሳሰብ ነው።

በራእይ 2 ላይ ኢየሱስ ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን የላከውን መልእክት እንመልከት። የኤፌሶን ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ደክመው ሠርተዋል፤ ታግሠዋል፤ ሐሰተኞችን መርምረው ለይተዋል። ሆኖም የቀደመውን ፍቅራቸውን ትተዋል። የተነገራቸውም ሦስት ነገር ነው፦ ከወዴት እንደ ወደቅህ አስብ፣ ንስሐ ግባ፣ የቀደመውን ሥራህን አድርግ። የቀደመው ስሜትህ እስኪመለስ ቁጭ በል አልተባሉም። ማሰብ፣ መመለስ፣ ማድረግ። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በዚሁ ቅደም ተከተል የሚሄዱ ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ልብን የሚያድሰው መንፈስ ቅዱስ ነው። እነዚህን እርምጃዎች መከተል እግዚአብሔርን ለማስገደድ አይደለም፤ ፍቅሩንም አይገዛም። በሉቃስ 15 ያለው ልጅ ገና ሩቅ ሳለ ነው አባቱ ያየው። የሮጠውም አባቱ ነው። ከልጁ የሚጠበቀው ተነሥቶ ፊቱን ወደ ቤት ማዞር ብቻ ነበር።

1. መጀመሪያ ችግሩ ምን እንደሆነ ለዩ

«መንፈሳዊ ሕይወቴ ደክሟል» ስንል ብዙ ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ምሽት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ለመጨረሻ ጊዜ በደስታ የጸለይኩት መቼ ነበር? ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ምን ተለወጠ? አሁን ልጸልይ ስል የሚሰማኝ ምንድን ነው፦ ድካም፣ እፍረት፣ ቁጣ ወይስ ምንም?

መልሳችሁ ድካም ከሆነ 1ኛ ነገሥት 19ን አንብቡ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ትልቁን ድል ያየው ገና አሁን ነው። ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠና እንዲሞት ለመነ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። ስብከትም አልላከለትም። ኤልያስ ተኛ። መልአኩ ቀሰቀሰውና እንጎቻና ውኃ ሰጠው። ደግሞ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣና መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ብላ አለው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከእንቅልፉ፣ ከምግቡና ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ ነው።

ከዚህ የምወስደው ምክር ቀጥተኛ ነው። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ሥራ ከበዛባችሁ፣ የታመመ ሰው እያስታመማችሁ ወይም ሕፃን እያሳደጋችሁ ከሆነ በራሳችሁ ላይ አዲስ መንፈሳዊ ሸክም አትጨምሩ። ለአንድ ሳምንት በጊዜ ተኙ። በሥርዓት ብሉ። ከአገልግሎት ማረፍ ካስፈለገ ፈቃድ ጠይቃችሁ እረፉ። በተለይ አገልጋዮች ይህን መስማት አለባቸው። ለሌላው ሲያካፍሉ የራሳቸው የባዶነት ስሜት የሚያሳፍራቸው ብዙ ናቸው።

መልሱ እፍረት ከሆነ ምናልባት ያልተናዘዛችሁት ነገር አለ። ሦስተኛው እርምጃ ለእናንተ ነው። ቁጣ ወይም ሐዘን ከሆነ ሁለተኛውን ሳትዘሉ ሥሩ። «ምንም አይሰማኝም» ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ ትልቅ ክህደት አይደለም። ቀኑ በስልክ፣ በወሬና በሩጫ ስለሞላ ለጸሎት የሚሆን ጸጥታ ጠፍቷል። አራተኛውና አምስተኛው ይረዷችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በጣም ከልቤ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ ካላሰኛችሁ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ የዋጋ ቢስነት ስሜት ከበረታ፣ ጉዳዩ የመንፈስ ድርቀት ብቻ ላይሆን ይችላል። የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ማየት የእምነት ማነስ አይደለም። ሞትን ወይም ራስን መጉዳትን ማሰብ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና ወደ ሕክምና ሂዱ። ጸሎቱና ሕክምናው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። «ጸልይበት ብቻ» የሚል ሰው ካለ አትስሙት።

2. ለእግዚአብሔር እውነቱን ንገሩት

ሰው ልቡ ሲቀዘቅዝ ጸሎቱ ይበልጥ ያማረ ይሆናል። ያልተሰማንን ምስጋና እንደረድራለን። የቆየ ቃል እንደግማለን። እግዚአብሔር ግን የሚያነጋግረው ያለነውን እኛን ነው፤ ልንመስል የምንፈልገውን ሰው አይደለም።

መዝሙረ ዳዊትን በዚህ ዓይን እዩት። ከ150ዎቹ መዝሙራት ብዙዎቹ እሮሮ ናቸው። መዝሙር 13 ላይ ዳዊት «እስከ መቼ?» እያለ አራት ጊዜ ይጠይቃል። «ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። መዝሙር 88 ደግሞ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ በመጨረሻው ላይ እንኳ የብርሃን ቃል የለውም። እነዚህ ቃላት ተቆርጠው አልወጡም። ለዘመናት በጉባኤ ሲነበቡና ሲዜሙ ኖረዋል። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ጸሎት የማይወድ ቢሆን ኖሮ በመጽሐፉ ውስጥ አናገኘውም ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መዝሙር 13ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ቅሬታ ናቸው፤ ሁለቱ ልመና ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መታመን ናቸው። ከዚያ የራሳችሁን በዚሁ ቅርጽ ጻፉ። በመጀመሪያ «ጌታ ሆይ፣ እስከ መቼ...» ብላችሁ ጀምሩና የሚያሳምማችሁን በስሙ ጥሩት። የሞተውን ሰው፣ ያልተመለሰውን ጸሎት፣ የፈረሰውን ትዳር፣ የጠፋውን ሥራ። ቃላት አታሳምሩ። ቀጥሎ የምትፈልጉትን ለምኑ። በመጨረሻ እውነት የሆነች አንዲት የእምነት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ትልቅ መሆን የለባትም። በማርቆስ 9 የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ። ልጁም ተፈወሰ። እናንተም ያላችሁ ይህችው ብቻ ከሆነች እሷኑ አቅርቡ።

የእምነት ዓረፍተ ነገሯ እምቢ ካለቻችሁ ተዉት። መዝሙር 88ም ያለ እርሷ አልቋል። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ ያ ሰው እየጮኸ ያለው ወደ እግዚአብሔር ነው። ጀርባውን አልሰጠም። ያዘነ ሰው ፊቱን ወደ እግዚአብሔር አድርጎ ካዘነ መንገዱ ላይ ነው።

ይህን ለተወሰኑ ቀናት ደጋግሙት። አንዳንድ ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እንባው ይመጣል። አንዳንዱ አይመጣለትም። ሁለቱም ጸሎት ነው።

3. ንስሐ፦ በጅምላ ሳይሆን በዝርዝር

«ጌታ ሆይ፣ ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት ቀላል ነው። ሁሉም ሰው ስለሆነ ማንንም አያሳፍርም። የሚከብደው «ወንድሜን በውርሱ ጉዳይ ዋሽቼዋለሁ» ማለት ነው። መታደስ ግን ብዙውን ጊዜ የተደበቀው እዚህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

የዳዊትን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ከቤርሳቤህ ጋር ኃጢአት ሠራ፤ ባሏን ኦርዮን በጦር ሜዳ አስገደለው። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ቀጠለ። ነገሠ፣ ፈረደ። ነቢዩ ናታን መጥቶ የድሃውን ሰው በግ ታሪክ እስኪነግረውና «ያ ሰው አንተ ነህ» እስኪለው ድረስ ራሱን አላየም። ከዚያ የወጣው ጸሎት መዝሙር 51 ነው፤ በሰባ ሊቃናት (በግሪኩ ትርጉም) አቆጣጠር 50ኛው መዝሙር። በዚያ ውስጥ ሁለት ልመና ጎን ለጎን ቆመዋል። ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ፣ የማዳንህንም ደስታ መልስልኝ ይላል። ንጽሕናው ቀደመ፤ ደስታው ተከተለ። ደስታው ለምን እንደ ጠፋ የማናውቅ ሲመስለን ይህን ቅደም ተከተል ማስታወስ ጥሩ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ጸጥ ያለ ሰዓት ምረጡ። በመጀመሪያ መንፈስ ቅዱስ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ራሳችሁን በራሳችሁ መቆፈር ስትጀምሩ ወይ ምንም አታገኙም፣ ወይ ማለቂያ በሌለው የጥፋተኝነት ስሜት ውስጥ ትገባላችሁ። አሥርቱን ትእዛዛት (ዘፀአት 20) ወይም የተራራውን ስብከት (ማቴዎስ 5 እስከ 7) ከፊታችሁ አድርጋችሁ አንብቡ። የሚቆጠቁጣችሁ ቦታ ላይ ቁሙ። ጻፉት። በአጭሩና በግልጽ፦ ምን አደረግሁ፣ በማን ላይ። «ግን እርሱም እኮ...» የሚለውን ክፍል አትጻፉ።

ከዚያ ተናዘዙ። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 የተስፋ ቃል ነው፤ ብንናዘዝ ይቅር ሊለንና ሊያነጻን የታመነና ጻድቅ ነው። ብቻችሁን ጀምሩ፤ ነገር ግን ለዓመታት የተሸከማችሁት ነገር ካለ ብቻችሁን አትጨርሱት። ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችን እንድንናዘዝ ያዘናል። እንደ ቤተ ክርስቲያናችሁ ሥርዓት ወደ ካህን፣ ወደ መጋቢ፣ ወይም ምሥጢር ወደሚጠብቅ የበሰለ አማኝ ሂዱ። ሰውየውን በጥንቃቄ ምረጡ። ስለ ሌላ ሰው ምሥጢር ያወራላችሁ ሰው ስለ እናንተም ያወራል።

ቀጥሎ ያለውን ብዙዎች ይዘሉታል። የተበላሸውን አስተካክሉ። ዘኬዎስ ኢየሱስን በቤቱ ሲቀበል ካለው እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የነጠቀውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ኢየሱስም በማቴዎስ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። ስለዚህ ከዝርዝራችሁ አንድ ነገር ውሰዱ። የምትደውሉለት ሰው ይኖር ይሆናል። የምትመልሱት ገንዘብ ይኖር ይሆናል። ይቅርታ ስትጠይቁ አጭር ይሁን፦ «እንዲህ አድርጌብሃለሁ። ጥፋተኛ ነኝ። ይቅር በለኝ።» ሰውየው ባይቀበላችሁም እናንተ የእናንተን አድርጋችኋል። አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በሉ፦ መሄዳችሁ ያንን ሰው ይበልጥ የሚጎዳ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከእናንተ ለመራቅ የመረጠ ሰው ከሆነ፣ መጀመሪያ ምክር ጠይቁ።

እናንተው የተበደላችሁ ከሆነ ደግሞ ይቅርታ ማለት የሚጎዳችሁ ሰው ጋር ተመልሶ መግባት ማለት አይደለም። በቀሉን ለእግዚአብሔር መተው ነው። ጊዜ ይወስዳል። ዱላ ካለበት ቤት መውጣት ኃጢአት አይደለም።

በመጨረሻ ወረቀቱን ቅደዱት ወይም አቃጥሉት። ከዚያ በኋላ ያው ጥፋት ደጋግሞ ቢከሳችሁ «ይህን ተናዝዣለሁ» በሉ። ይሁዳም ጴጥሮስም በአንድ ሌሊት ወድቀዋል። ሁለቱም አዝነዋል። ይሁዳ ኃዘኑን ይዞ ብቻውን ሄደ። ጴጥሮስ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ፤ በባሕሩም ዳር ኢየሱስን አገኘው። ሦስት ጊዜ የካደው ሰው ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ተባለ፤ በጎችም በአደራ ተሰጡት።

4. ትንሽና ቋሚ የጸሎት ሰዓት

ከረጅም ሕመም የተነሣ ሰው በሾርባ ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ ያልጸለየ ሰውም «ከነገ ጀምሮ በየሌሊቱ ለሁለት ሰዓት ያህል እጸልያለሁ» ብሎ ከጀመረ በሳምንቱ ይተወዋል፤ ከዚያም የባሰ ያፍራል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ግን በየቀኑ፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ።

ጠዋት ከቻላችሁ ጠዋት ይሻላል። ማርቆስ 1፥35 እንደሚነግረን ኢየሱስ ሕዝብ ሲጨናነቅበት ከዋለ በኋላ እንኳ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ብቻውን ሊጸልይ ወጥቷል። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ይንበረከክ ነበር። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች መመሪያም አማኞች «አባታችን ሆይ»ን በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጸልዩ ያዛል። የጥንት ክርስቲያኖች በስሜት ላይ አልተደገፉም። በሰዓት ጸለዩ።

አሥሩን ደቂቃ እንዲህ ከፋፍሉት። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። አንድ ደቂቃ ዝም በሉ። «ጌታ ሆይ፣ እዚህ አለሁ» በሉ። አንድ መዝሙር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «አባታችን ሆይ»ን በየሐረጉ እየቆማችሁ ጸልዩ፤ «የዕለት እንጀራችንን» ስትሉ የዛሬን ጭንቀት አንሡ፣ «በደላችንን ይቅር በለን» ስትሉ የትናንቱን ነገር አንሡ። በስም ስለ ሁለት ሰዎች ጸልዩ። በመጨረሻ ስለ አንድ የተወሰነ ነገር አመስግኑ። «ስለ ሁሉም ነገር» አትበሉ። ትናንት ያገኛችሁትን አንድ ነገር ጥቀሱ።

ሐሳብ ይበተናል። የሁሉም ይበተናል። ሲበተን አትናደዱ፤ ያሰባችሁትን ነገር ራሱን ጸሎት አድርጉትና ተመለሱ። ሐሳባችሁን መቶ ጊዜ ከመለሳችሁት መቶ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ዞራችኋል።

የራሳችሁ ቃል ሲያልቅ በተጻፈ ጸሎት መጸለይ አያሳፍርም። ኢየሱስ በመስቀል ላይ ሆኖ የመዝሙር 22ን የመጀመሪያ ቃል ጮኸ። በዚያ ሰዓት እርሱ በመዝሙር ቃል ከጸለየ እኛም እንችላለን።

5. ቃሉን ለመጨረስ አታንብቡ

በየዓመቱ ከዘፍጥረት ጀምረው ዘሌዋውያን ላይ የሚቆሙ ብዙ ናቸው። ለደከመ ሰው ከዚያ እንዲጀምር አልመክርም። ከማርቆስ ወንጌል ጀምሩ። ከአራቱ ወንጌላት አጭሩ ነው፤ 16 ምዕራፍ አለው። በቀን አንድ ምዕራፍ፣ ወይም ግማሽ። ኢየሱስን ራሱን ተከተሉት፦ ማንን ነካ፣ በማን አዘነ፣ በምን ተቆጣ። የቀዘቀዘ ፍቅር የሚሞቀው ስለ ፍቅር በማንበብ አይደለም፤ የሚወደደውን በማየት ነው።

አነባበቡም ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ሙሉውን አንብቡ። ሁለተኛ ስታነቡ ልባችሁን የነካው ወይም ያስቸገራችሁ ቁጥር ላይ ቁሙ። በእጃችሁ ጻፉት። ቀን ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መልሳችሁ አስቡት። ያልገባችሁ ቦታ ሲመጣ ምልክት አድርጉና እለፉ፤ በኋላ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ማርቆስ ሲያልቅ መዝሙራትን በቀን አምስት አምስት ብታነቡ በ30 ቀን 150ውንም ትጨርሳላችሁ። 119ኛው ብቻውን 176 ቁጥር ስላለው ያን ቀን ጊዜ ስጡት። አምስት ከበዛ አንድ ይበቃል።

6. ጾም

እዚህ ብዙ አልናገርም፤ ቤተ ክርስቲያናችሁ ሥርዓት ካላት እርሱን ተከተሉ። ኢየሱስ በማቴዎስ 6 ስትጾሙ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ለሰው አይታይባችሁ ብሏል። ሕመም፣ እርግዝና ወይም በሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ከምግብ መጾምን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። ለሁሉም የሚሆን ግን አንድ ጾም አለ፦ ከምሽት ጀምሮ እስከ ጠዋቱ ጸሎት ድረስ ስልክ አለመንካት። ለብዙ ሰው ከምግቡ ይልቅ ይህ ይከብዳል።

7. ወደ ጉባኤው ተመለሱ

የደረቀ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው መሰወር ነው። «ልቤ ሳይኖር ሄጄ ምን አደርጋለሁ? ግብዝነት ነው» ይላል። አይደለም። ታማሚ ሐኪም ቤት መሄዱ ግብዝነት እንዳልሆነ ሁሉ።

በማርቆስ 2 አራት ሰዎች ሽባ ጓደኛቸውን ተሸክመው መጡ። በሕዝቡ ብዛት መግባት ሲያቅታቸው ጣሪያውን ነድለው አወረዱት። ወንጌሉ ኢየሱስ «እምነታቸውን አይቶ» ይላል። የተሸካሚዎቹንም ጭምር። የራሳችሁ እምነት የሚያቆማችሁ ካልሆነ በሌሎች እምነት ላይ የምትተኙበት ጊዜ አለ። ሌሎች ሲዘምሩ ዝም ብላችሁ ቁሙ። የእምነት መግለጫው ሲነገር ከቻላችሁ አብራችሁ በሉ፣ ካልቻላችሁ ስሙት። ወደ ጌታ ማዕድም እንደ ቤተ ክርስቲያናችሁ ሥርዓት ተዘጋጅታችሁ ቅረቡ። እዚያ የምትቀበሉት ክርስቶስ የሰጠውን ነው፤ በዚያ ቀን የተሰማችሁ ስሜት አይደለም የሚለካው።

ከዚህ በተጨማሪ አንድ ሰው ያስፈልጋችኋል። አንድ። በሳምንት አንዴ በስልክ ወይም በአካል ተገናኙ። «እንዴት ነህ?» «ደህና ነኝ» ተባብላችሁ አትለያዩ። «በዚህ ሳምንት ጸለይክ? ምን ከበደህ?» ተባባሉ። አብራችሁ ጸልዩ፤ ሦስት ደቂቃም ቢሆን።

የደረቃችሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በደረሰባችሁ ጉዳት ከሆነ «ዝም ብለህ ተመለስ» አልላችሁም። ጉዳቱ እውነት ነው። በደል ከተፈጸመ መናገርና ተጠያቂነትን መጠየቅ ተገቢ ነው። መቼም ግን ለረጅም ጊዜ ብቻችሁን አትቅሩ። ከአንድ ታማኝ አማኝ ቤት ጀምሩ። ቦታ ስትመርጡም እነዚህን እዩ፦ መሪዎቹ ሲሳሳቱ ይቅርታ ይጠይቃሉ? ገንዘቡ እንዴት እንደሚወጣ ይታወቃል? ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል? በረከትን፣ ፈውስን ወይም «መታደስን» በክፍያ የሚሰጥ ካለ ጥላችሁ ውጡ። በሐዋርያት ሥራ 8 ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲል ጴጥሮስ የመለሰለት መልስ በጣም ከባድ ነው።

8. ለአንድ ሰው አንድ ነገር አድርጉ

ኢሳይያስ 58 ላይ ሰዎች «ጾምን፣ አንተም አላየኸንም» ብለው ያማርራሉ። መልሱ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ፣ ድሃውን ወደ ቤትህ አግባው፣ የተራቆተውን አልብሰው የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ነው እንደሚጠጣ ገነት ትሆናለህ የሚለው ተስፋ የመጣው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። የታመመ ሰው ጠይቁ፤ እስር ቤት ያለ ሰው ጎብኙ፤ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ጋር ሻይ ጠጡ። ፎቶ አታንሡ፣ ለማንም አትንገሩ።

ይህን ሁሉ አድርጌ ስሜቱ ባይመጣስ?

ሊሆን ይችላል። ሲሆንም አዲስ ነገር አይደለም።

በግብጽ በረሃ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ይህን ሁኔታ በደንብ ጽፎታል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የቆመች ትመስላለች። መነኩሴው ደጋግሞ በመስኮት ያያል። ቦታውን ይጠላል። ወንድሞቹ ፍቅር የላቸውም ይላል። ሌላ ቦታ ብሄድ ይሻለኝ ነበር ብሎ ያስባል። ከዚያ ወዲህ ከ1,600 ዓመት በላይ አልፏል፤ መስኮቱ ስልክ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው። የበረሃ አባቶች ምክርም ያው ነው፦ ከበዓትህ (ከምትኖርባት ክፍል) አትውጣ፤ ትንሽ ሥራ፣ ትንሽ ጸልይ፣ ቆይ።

እ.ኤ.አ. በ1521 በጦርነት እግሩ ቆስሎ አልጋ ላይ ሳለ ሕይወቱ የተለወጠው፣ ኋላም የካቶሊክ ካህን የሆነው የሎዮላው ኢግናጥዮስ ደግሞ በጣም የሚጠቅም ደንብ ትቶልናል። በመንፈሳዊ ጨለማ ጊዜ ቀድሞ በብርሃን የወሰናችሁትን ውሳኔ አትለውጡ። ቤተ ክርስቲያን ለመተው፣ ትዳር ለመፍታት፣ አገልግሎት ለማቋረጥ የሚገፋፋ ሐሳብ በዚህ ጊዜ ቢመጣ አሳድሩት። ለአማካሪ ንገሩት። (ቤት ውስጥ የምትደበደቡ ከሆነ ይህ ደንብ ለእናንተ አይደለም፤ ዛሬውኑ ደኅና ቦታ ፈልጉ።)

እናት ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1997 ካረፈች ከአሥር ዓመት በኋላ ደብዳቤዎቿ ታትመዋል። ለአሥርተ ዓመታት የእግዚአብሔርን መገኘት ሳይሰማት እንደ ጸለየችና ድሆችን እንዳገለገለች ከነዚያ እንረዳለን። ብዙዎች ሲያነቡ ደነገጡ። እኔን ግን ያጽናናኛል። የማይሰማው ሰው የማይታመን ሰው አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ መታደሳችሁን በስሜት አትለኩት። ፍሬውን እዩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ፈጠናችሁ? ከቤተሰባችሁ ጋር ትዕግሥታችሁ ጨመረ? የምትደብቁት ነገር ቀነሰ? ስለ ሌላው ሰው ስትሰሙ መቅናት ቀርቶ መጸለይ ጀመራችሁ? ገላትያ 5 የመንፈስ ፍሬ ብሎ የዘረዘረው እነዚህን ዓይነት ነገሮች ነው። ከእናንተ በፊት የሚያዩትም አብረዋችሁ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ጠይቋቸው።

አንድ ቀን ሲያመልጣችሁ፣ ያመልጣችኋልና፣ የትናንቱን ለማካካስ ሃያ ደቂቃ አትጸልዩ። የዛሬውን አሥር ደቂቃ ጸልዩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ካመለጣችሁ ለዚያ አንድ ሰው ደውሉና ንገሩት፤ ከዚያ ከመዝሙር 51 ጀምሩ። ከወር በኋላ ደግሞ በመጀመሪያው ምሽት የጻፋችሁትን ሦስት ጥያቄ አውጥታችሁ እንደገና መልሱ። የረዳችሁን እርምጃ ያዙ። ያልረዳችሁን ከአማካሪያችሁ ጋር ሆናችሁ ቀይሩት። ለሚቀጥለው ወር የምታነቡትን ወንጌል በዚያው ምሽት ምረጡ፤ ሉቃስ ጥሩ ነው፣ 24 ምዕራፍ አለው።